ለጆሮ ወይስ ለጭፈራ? የአንደርግራውንድ ቴክኖና ሃውስ ሸክላ ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

በአማርኛ «ሸክላ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን አምሃ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው ሙዚቃ ቤትና ከእሱ በኋላ በተከተሉት አሳታሚዎች የወጣው፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው፣ በእያንዳንዱ ገጹ አንድ ዘፈን የሚይዘው ትንሹ ባለ 7 ኢንች ሸክላ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዚያ ሸክላ ገዢ ብዙም አይቸገርም ነበር፤ ዘፋኙን ያውቀዋል፣ ዘፈኑን በሬዲዮ ሰምቶታል፣ የሚቀረው ገንዘቡን ከኪሱ ማውጣት ነው። የአንደርግራውንድ ቴክኖና ሃውስ (በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሠራ፣ በትንንሽ አሳታሚዎች የሚወጣ የጭፈራ ሙዚቃ) ገዢ ግን እንዲህ ያለ መንገድ መሪ የለውም። አብዛኛው ሥራ ዘፋኝ የለውም፤ ከሙዚቀኛው ስም ይልቅ የአሳታሚው ስም ይጠራል፤ ሽፋኑ አንዳንዴ ፎቶ ቀርቶ ጽሑፍ እንኳ የሌለበት ባዶ ካርቶን ነው፤ ያው ሙዚቃ ደግሞ በአዲስ ህትመት፣ በዳግም ህትመት፣ ባገለገለ ዕቃና በዲጂታል ፋይል ጎን ለጎን ይሸጣል። ዋጋውም ከ12 ዩሮ ተነስቶ ከ100 ዩሮ በላይ ሊዘልቅ ይችላል።

ይህን ንጽጽር ያዘጋጀሁት በዓመት ጥቂት ሸክላ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው ነው። ከስም፣ ከብርቅነትና ከዋጋ በፊት መጠየቅ ያለበት ሸክላው ምን እንዲያደርግ ተብሎ እንደተሠራ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዲጄ መሣሪያነት የተሠራ ሸክላ ቤቱ ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው ግማሹ ባዶ ነው፤ ለቤት የተሠራው ደግሞ ጭፈራ ቤት ውስጥ ጉልበት ያንሰዋል። አብዛኛው የገዢ ጸጸት የሚመጣው ሙዚቃው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን እነዚህ ሁለቱ ስለሚደባለቁ ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ይኸው አገልግሎት ነው። ለዲጄ የተሠራ ባለ 12 ኢንች ነጠላ ሸክላ ብዙውን ጊዜ በከበሮ ብቻ ጀምሮ በከበሮ ብቻ ያልቃል። ያ ባዶ የሚመስለው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ዲጄው ከቀደመው ሸክላ ጋር ፍጥነቱን አስተካክሎ የሚያጋጥምበት ማያያዣ ነው። ከሥራ ገብቶ ሻይ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ግን ያ ደቂቃ መጠበቂያ ብቻ ነው። ስለዚህ ናሙናውን በኢንተርኔት ሲያዳምጡ መሃሉን ብቻ ዘለው አይስሙ፤ የመጀመሪያውን ደቂቃ ይስሙትና በሳምንት ሦስት ጊዜ ሊሰሙት እንደሚፈልጉ ራስዎን ይጠይቁ።

ሁለተኛው በአንድ ገጽ ላይ ስንት ደቂቃ ሙዚቃ እንደተጫነ ነው። ይህ ብዙ ገዢ የማያየው፣ በእኔ ግምት ግን ድምፁን ከሁሉም በላይ የሚወስን ነገር ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። በሸክላ ላይ ቤዝ ቦታ ይፈጃል፤ ወፍራሙ ድምፅ መርፌውን ወዲያና ወዲህ በሰፊው ስለሚያወዛውዘው መርፌው የሚሄድበት ቦይ ሰፋ ብሎ መቀረጽ አለበት። በ45 ዙር በሚጫወት ባለ 12 ኢንች ገጽ ላይ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ብቻ ከተያዘ ቀራጩ ድምፁን ጮክ፣ ቤዙን ሞላ አድርጎ ሊቀርጽ ይችላል። በ33 ዙር ከ20 ደቂቃ በላይ ከታጨቀ ግን ቦዮቹ እንዳይነካኩ ሲል ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ይገደዳል። በዚያ ላይ መርፌው ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር በአንድ ዙር የሚጓዘው መንገድ ያጥራል፤ በ33 ዙር የውጭው ጠርዝ ላይ በሰከንድ ወደ 51 ሴንቲሜትር ያህል የሚጓዝ መርፌ የመሃሉ ወረቀት አጠገብ ሲደርስ ወደ 21 ሴንቲሜትር ይወርዳል። በ45 ዙር ከሆነ እነዚህ ቁጥሮች ወደ 69 እና ወደ 28 ከፍ ይላሉ። ቤቴ ያለ አንድ አልበም ላይ ይህን በግልጽ እሰማዋለሁ፦ የገጹ የመጀመሪያ ሥራ ላይ «ጥስ፣ ጥስ» የሚለው ሃይሃት (የከበሮው ጥንድ ሲምባል) ሦስተኛው ሥራ ላይ ሲደርስ «ሽ፣ ሽ» ወደሚል የተልፈሰፈሰ ድምፅ ይለወጣል። መርፌው አዲስ ነው፣ ሸክላውም ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ገጹ ላይ 23 ደቂቃ የጫነው ሰው ነው። ስለዚህ የቴክኖ አልበም በሁለት ሸክላ ተከፍሎ ሲቀርብ ገንዘብ ለማስወጣት ብቻ ነው ብሎ መቆጣት ተገቢ አይደለም፤ ለቤዙ ቦታ ለመስጠት ነው።

ሦስተኛው አቀራረጹና ህትመቱ ነው። ሙዚቃው መጀመሪያ በላከር በተቀባ የአሉሚኒየም ዝርግ ላይ ይቀረጻል፣ ከዚያ የብረት ቅርጽ ይወጣለታል፣ በመጨረሻም በሙቀት የለሰለሰ ፕላስቲክ በዚያ ቅርጽ መካከል ተጨፍልቆ ሸክላ ይሆናል። ይህን በላከር የተቀባ ዝርግ የሚያመርቱት ዋና ድርጅቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ በየካቲት 2020 በካሊፎርኒያ ባኒንግ የነበረው አፖሎ ማስተርስ ሲቃጠል ጃፓን ያለው ኤምዲሲ ብቻውን ቀረ። ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት ሸክላ ለመዘግየቱና ለመወደዱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ገዢው ማን እንደቀረጸው ማወቅ ከፈለገ ሸክላውን መብራት ሥር ዘንበል አድርጎ ከመጨረሻው ቦይና ከመሃሉ ወረቀት መካከል ያለውን ባዶ ጥቁር ቀለበት ይይ፤ እዚያ በእጅ ተጭረው የተጻፉ ፊደላትና ቁጥሮች ያገኛል። ብዙዎቹን የዲትሮይት ሸክላዎች የቀረጸውና በ2008 ያረፈው ሮን መርፊ ምልክቱን እዚያ ነበር የሚተወው፤ በ1995 በበርሊን የተመሠረተው ደብፕሌትስ ኤንድ ማስተሪንግ ሥራም በዚሁ ቀለበት ላይ ይለያል። በአንጻሩ ሽፋኑ ላይ በወርቃማ ክብ ተለጥፎ የሚታየው «180 ግራም» ስለ ድምፁ የሚነግረን ነገር የለም። ወፍራም ሸክላ ለእጅ ደስ ይላል፤ በጥሩ የተቀረጸ 140 ግራም ግን በግዴለሽነት የተቀረጸ 180 ግራምን ይበልጠዋል።

አራተኛው ሸክላው በር ላይ ሲደርስ የሚያወጣው ጠቅላላ ዋጋ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ22 ዩሮ በታች ለሆነ ዕቃ ይሰጥ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃነት በሐምሌ 2021 አስቀርቷል፤ አሜሪካም ከ800 ዶላር በታች ያለ ዕቃ ያለ ጉምሩክ ሥነ ሥርዓት የሚገባበትን አሠራር በነሐሴ 2025 መጨረሻ አቁማለች። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ ከበርሊን፣ ወይም ፍራንክፈርት ተቀምጦ ከዲትሮይት የሚያዝ ሰው አጓጓዡ የሚጠይቀውን የአገልግሎት ክፍያ ጭምር አስቀድሞ ይጠይቅ። የአንድ ሸክላ መላኪያ ከሸክላው ራሱ ሊበልጥ ስለሚችል ሦስትና አራት ሆኖ በአንድ ላይ ማዘዝ ይሻላል። አዲስ አበባ ላለ ሰው የሚመቸው የታወቀው መንገድ ነው፦ በሚመጣ ሰው እጅ ማስላክ። 10 ሸክላ ከነሽፋኑ 3 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ተሸካሚውን ሸክላዎቹን አቁሞ እንዲይዛቸውና ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ እንዳይተዋቸው ደጋግሞ መንገር ብቻ ያስፈልጋል።

እነዚህ መመዘኛዎች ትርጉም የሚኖራቸው ማጫወቻው ደህና ከሆነ ነው። በሻንጣ መልክ የሚሸጡት ርካሽ ማጫወቻዎች መርፌያቸው ከባድ፣ ክንዳቸው ቀላል ስለሆነ ጮክ ብሎ የተቀረጸ ቤዝ ላይ ይዘላሉ፤ ሸክላውንም ይፍቁታል። እንዲህ ያለ ማጫወቻ ያለው ሰው ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድም ሸክላ ሳይገዛ አስቀድሞ ያገለገለ ደህና ማጫወቻ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ዲትሮይት

ከሁሉ በፊት ዲትሮይትን ያነሳሁት ቴክኖ የተወለደባት ከተማ ስለሆነች ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ሸክላ ያደገ ጆሮ ያለ ብዙ ድካም የሚገባበት በር ይህ ይመስለኛል። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች የአሜሪካን ሶል ይሰሙና ወደ ራሳቸው ያመጡት ነበር፤ ዲትሮይት ደግሞ የታዋቂው የሶል አሳታሚ የሞታውን ከተማ ናት፣ የዛሬው ሃውሷም ያንን ሶል ከሥሩ አልነቀለውም።

እዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማይክ ባንክስና ጄፍ ሚልስ በ1989 የመሠረቱት አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ የሚመራው የቴክኖ መንገድ ነው፤ ፊት ከማሳየት ይልቅ ሥራን ማስቀደም የዚህ ቡድን መለያ ነበር። ሁለተኛው ሙዲማን፣ ቲዮ ፓሪሽና ኦማር-ኤስ በየራሳቸው አሳታሚ የሚያወጡት ዝግ ያለና ሻካራ ሃውስ ነው። ከቅርብ ዓመታት ሥራዎች ሦስቱን ላወዳድር። በ2020 የወጣው የሙዲማን «ቴክን አዌይ» የሶል ድምፅን፣ ንግግርንና የፖሊስ ሳይረንን አንድ ላይ ያዋህዳል፤ ለቤት አዳማጭ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ቲዮ ፓሪሽ በ2022 ያሰባሰበው «ዲትሮይት ፎርዋርድ» የከተማዋን ሌሎች ሙዚቀኞች በአንድ ጊዜ ስለሚያስተዋውቅ ለጀማሪ ጥሩ ካርታ ነው፤ የአንድ ሰው አልበም ያለው ወጥነት ግን አይጠበቅበትም። በዚያው ዓመት በበርሊኑ አሳታሚ በትሬዞር በኩል የወጣው የዋጂድ «ሜምዋርስ ኦፍ ሃይ-ቴክ ጃዝ» ከስሙ ጀምሮ ወደ አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ ቤተሰብ የሚጠቁም ሲሆን፣ ከሦስቱ ለጭፈራ በይበልጥ የሚሆነው እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የሙዲማን ሥራዎች ላይ የሚሰማው የአሮጌ ሸክላ መንጫጫት ብዙ ጊዜ የሙዚቃው አካል ሆኖ የተቀረጸ ነው። እንከን መስሎት ሸክላውን ለሻጭ የሚመልስ ሰው ይኖራል፤ መጀመሪያ ናሙናውን በፋይል ሰምቶ ያው መንጫጫት እዚያም መኖሩን ማረጋገጥ ይበቃል።

ቺካጎ፣ ባጭሩ

የቺካጎ ነገር አሮጌ ህትመት ሁሌም የተሻለ ነው የሚለውን እምነት የሚያፈርስ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሃውስን ለዓለም ያደረሱት የትራክስ ሪከርድስ ሸክላዎች ተመልሶ በቀለጠ ፕላስቲክ በመታተማቸውና በጫጫታቸው ይታወቃሉ። ስለዚህ ለሰብሳቢ ዋጋ ተከፍሎ የሚገኘው የመጀመሪያ ህትመት ከዛሬው ዳግም ህትመት ይልቅ ደካማ ድምፅ ሊኖረው ይችላል። ሚስተር ፊንገርስ በሚል ስም የሚሠራው ላሪ ኸርድ ከሮበርት ኦወንስ ጋር በዚሁ አሳታሚ ላይ በ2020 ክስ መሥርቶ ጉዳዩ በ2022 በስምምነት አልቋል። ኸርድ ዛሬ አሊቪየትድ በተባለው በራሱ አሳታሚ በኩል ያሳትማል። በ2018 ያወጣው «ሴሬብራል ሄሚስፊርስ» እና በ2022 ያወጣው «አራውንድ ዘ ሰን» (ክፍል 1) ለስላሳ፣ ጊዜ ወስደው የሚገለጡ የቤት ሸክላዎች ናቸው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ካለብኝ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

በርሊን

ማርክ ኤርነስተስ በ1989 የከፈተው ሃርድ ዋክስ የተባለው የሸክላ መደብርና ከሞሪትስ ፎን ኦስቫልድ ጋር ከ1993 ጀምሮ በቤዚክ ቻነል ስም ያወጣቸው ሥራዎች ዛሬ ደብ ቴክኖ ለሚባለው መንገድ ጥርጊያ ናቸው። ሐሳቡ ከጃማይካ ደብ (የሬጌ ዘፈንን አራቁቶ በማሚቶ እንደገና ከሚያቀናብረው መንገድ) የመጣ ነው፦ አንድ አጭር የሲንተሳይዘር ኮርድ ይመታል፣ ማሚቶው ይለቀቃል፣ ሙዚቃው ኮርዱ ሳይሆን ማሚቶው የሚለዋወጥበት መንገድ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ሰው «ምንም አልተለወጠም» ይላል፤ በጾም ወቅት በገና ሲሰማ ያደገ ሰው ግን ድግግሞሽ ራሱ ማዳመጫ እንደሚሆን ያውቀዋል፣ ለእሱ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

ለገዢ ትልቁ ዜና ይህ ነው፦ የቤዚክ ቻነል ሸክላዎች ደጋግመው ይታተማሉ። አዲሱን ህትመት በተራ የነጠላ ሸክላ ዋጋ ማግኘት እየተቻለ ለመጀመሪያው ህትመት አምስት እጥፍ መክፈል ለሰብሳቢ እንጂ ለአዳማጭ ምክንያት የለውም። ነጠላዎቹ ለጭፈራ ቤት የተሠሩ ቢሆኑም ከደንቡ ውጭ ቤትም ውስጥ ይሠራሉ፤ ባዶ መግቢያ ስለሌላቸው ሳይሆን ሙሉው ሥራ አንድ ረጅም መግቢያ ስለሚመስል ነው።

ከቅርቦቹ መካከል ፎን ኦስቫልድ በ2023 በትሬዞር ያወጣው «ሲሌንሲዮ» የሰው ድምፅ መዘምራንን ከሲንተሳይዘር ጋር ያገናኘ ሥራ ነው። ቀዝቃዛና ከባድ ስለሆነ ለጭፈራ የሚፈልገው ሰው ይከፋዋል። ኤርነስተስ ደግሞ ፊቱን ወደ ሴኔጋል አዙሮ ከዳካር የሳባር ከበሮ መቺዎች ጋር ይሠራል፤ ንዳጋ ሪዝም ፎርስ የተባለው ቡድኑ በ2025 ያወጣው «ካዲም» በዚህ ዝርዝር ውስጥ ካሉት ሁሉ በቅርብ የደረሰን ነው። ከበሮው በአራት አይቆጠርም፣ እየተጠላለፈ ይሄዳል፤ እግሩ ችክችካን የለመደ ሰው ከቴክኖ ይልቅ በዚህ ቶሎ ይያዛል ብዬ እገምታለሁ። ቤዙ በደንብ እንዲሰማ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይፈልጋል፤ በትንሽ ማጉያ ግማሹ ይጠፋል።

ብሪታንያና ቡካሬስት

የብሪታንያው ወገን፣ በተለይ በ2007 የተመሠረተው ሄስል ኦዲዮና የብሪስቶሉ ሊቪቲ ሳውንድ የተባሉት አሳታሚዎች፣ ቀጥ ያለውን የአራት ምት ሰብሮ ከደብስቴፕና ከጋራዥ (ከሁለት የብሪታንያ የጭፈራ ሙዚቃ ዓይነቶች) ጋር ያዋህደዋል። የፓንጂያ «ቼንጂንግ ቻነልስ» (2023) ፈካ ያለና ተጫዋች ስለሆነ ለመግቢያ ይመከራል። የዚህ ወገን ነጠላ ሸክላዎች አቀራረጻቸው አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ነው፤ ለዲጄ ከዋጋቸው ጋር ሲመዛዘኑ ምናልባት ከሁሉም የተሻሉ ናቸው።

ቡካሬስትን በተመለከተ ራዱ፣ ራሬሽና ፔትሬ ኢንስፒሬስኩ በ2007 ካቋቋሙት አሳታሚ ከአርፒያር ጀምሮ የተስፋፋው የሮማኒያ ሚኒማል (በጥቂት ድምፅ ብቻ የሚሠራ ቴክኖና ሃውስ) ከ10 ደቂቃ በላይ የሚሄዱ፣ በጥቃቅን ድምፆች የተሸመኑ ሥራዎች ያሉት ነው። ብዙው በሸክላ ብቻ፣ በትንሽ ቁጥር ይታተማል፤ ሲያልቅ ዋጋው ይዘላል። ሙዚቃው ረቂቅ መሆኑን አልክድም፤ ግን የተሠራው ሌሊት ሙሉ በሚቆይ ጨዋታ ውስጥ ሦስተኛ ሸክላ ሆኖ እንዲገባ ነው። ቤት ውስጥ ብቻውን ሲጫወት ከትልቅ ሥዕል ተቆርጦ የወጣ ጥግ ይመስለኛል። ለጀማሪ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ምርጫ ነው።

አዲስ አበባና ዋሽንግተን

ይህኛው አዲስ አይደለም፤ አሥር ዓመት አልፎታል። ቢሆንም ስለ ኤሌክትሮኒክ ሸክላ በአማርኛ ተጽፎ እሱን መዝለል አይቻልም። ዋሽንግተን ዲሲ የነበረው 1432 አር የተባለ ትንሽ አሳታሚ የሚካኤል ሰይፉን «የአራዳ ልጅ» በ2014 አወጣ፤ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራውን የእንደገና ሙሉንም ሥራ ለውጭ አድማጭ ያደረሰው ይኸው አሳታሚ ነው። በ2016 ደግሞ የሚካኤል «ዘላለም» አር-ቪ-ኤን-ጂ በተባለው የኒው ዮርክ አሳታሚ በኩል ተከተለ። እንደገና ሙሉ መንገዱን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ይጠራዋል። አዝማሪ ቤትን፣ ባህላዊ ዜማንና የከተማ ድምፅን ከኮምፒውተር ምት ጋር ያጋባል፤ የሦስት ምቱ ውዝዋዜ በአራቱ ምት ላይ ሲጫን የሚፈጠረው መሳሳብ ደግሞ የውጭ ጆሮ እንግዳ ነገር ነው የሚለው፣ እኛ ግን ከሠርግ ቤት የምናውቀው ነው።

በመመዘኛችን ሲታዩ የቤት ሸክላዎች ናቸው፤ ዲጄ ከሌላ ሸክላ ጋር ሊያጋጥማቸው ቢሞክር ይቸገራል፣ ምታቸው በቀላሉ አይያዝም። አዲስ ሆነው ካልተገኙ ያገለገሉትን መፈለግ ነው፤ ዋጋው ከተጋነነ ግን ፋይሉን ገዝቶ መስማት ምንም አያጎድልም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

ዋጋዎቹ በአውሮፓ መደብር የሚጠበቁ ግምቶች ናቸው፤ መላኪያ አልተጨመረባቸውም።

| ወገን | ለቤት ማዳመጥ | ለዲጄ | የተለመደ አቀራረብ | ግምታዊ ዋጋ | ከመግዛት በፊት |
|---|---|---|---|---|---|
| ዲትሮይት ሃውስ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ነጠላና ድርብ አልበም | 14–35 ዩሮ | መንጫጫቱ የሙዚቃው አካል መሆኑን ያረጋግጡ |
| ቺካጎ (ላሪ ኸርድ) | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | አልበም፣ ዳግም ህትመት | 15–40 ዩሮ | ከ1980ዎቹ ህትመት ይልቅ አዲሱን ይምረጡ |
| በርሊን ደብ ቴክኖ | ጥሩ፣ ትዕግሥት ይጠይቃል | ጥሩ | ነጠላ፣ አንዳንዴ አልበም | 12–30 ዩሮ | ዳግም ህትመት መኖሩን አስቀድመው ይዩ |
| ብሪታንያ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ነጠላ | 12–16 ዩሮ | ናሙናውን ከመጀመሪያው ደቂቃ ይስሙ |
| ቡካሬስት | ደካማ | በጣም ጥሩ | ነጠላ፣ በትንሽ ቁጥር | 13–18 ዩሮ፣ ሲያልቅ እጅግ ከፍ ይላል | ለሰብሳቢ ዋጋ አይቸኩሉ |
| አዲስ አበባ/ዋሽንግተን | በጣም ጥሩ | አስቸጋሪ | ነጠላ፣ አጭር አልበም | እንደ ይዞታው ይለያያል | ፋይሉን አማራጭ አድርገው ይያዙ |

እንደ ፍላጎትና እንደ ኪስ

50 ዩሮ ያህል ያለው የቤት አዳማጭ አንድ ድርብ አልበምና አንድ ነጠላ እንዲወስድ እመክራለሁ፦ ከሙዲማን ወይም ከላሪ ኸርድ አልበም አንዱን፣ ከቤዚክ ቻነል ዳግም ህትመቶች ደግሞ አንዱን። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው፤ አንዱ በሰው ድምፅና በሶል የተሞላ፣ ሌላው ባዶ ቦታን የሚሠራበት። አንድ ወር እየቀያየረ የሰማቸው ሰው ሦስተኛውን ሸክላ ከየትኛው ወገን እንደሚገዛ የሚነግረው አያስፈልገውም።

ዲጄ ለመሆን የሚለማመድ ሰው በተቃራኒው አልበም አይግዛ። 150 ዩሮ ካለው ከብሪታንያውና ከዲትሮይቱ ቴክኖ፣ ፍጥነታቸው የሚቀራረብ 8 ወይም 9 ነጠላዎች ይምረጥ። ፍጥነታቸው እጅግ የተራራቀ ሸክላዎች አይጋጠሙም፤ የተለመደው የቴክኒክስ ማጫወቻ ፍጥነትን ወደ ላይም ወደ ታችም የሚያስተካክለው በ8 በመቶ ብቻ ነው። የሮማኒያውን ለሁለተኛ ዓመት ያቆየው።

ለስጦታ የሚፈልግ ሰው፣ በተለይ የድሮ የአዲስ አበባ ሸክላዎችን ለሚወዱ አባት ወይም አጎት ከሆነ፣ «ካዲም»ን ወይም «ዘላለም»ን ያስብ። ቴክኖ መሆናቸውን አስቀድሞ ባይነግራቸው ይሻላል።

ያገለገለ ሸክላ የሚገዛ ሰው የሻጩን የይዞታ ደረጃ አንድ እርከን ዝቅ አድርጎ ያንብብ። «እንከን የለሽ» ተብሎ የተላከልኝ አንድ ሸክላ ከሳጥኑ ሲወጣ ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ ተቆልምሞ ነበር፤ መርፌው በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ይዘል ነበር። ሻጩ ገንዘቡን የመለሰው ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ አስቀምጬ ከጎን ያነሳሁትን ፎቶ ስልክለት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቅሉ ሲደርስ ከውጭ ብርድ ወይም ሙቀት እንዲመለስ ጥቂት ሰዓት ሳይከፍቱ ይተዉት፤ ከዚያ ሸክላውን በመብራት ሥር ይመርምሩት፣ መመለሻ ቀኑ ሳያልፍም ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው ቦይ ድረስ አንድ ጊዜ ያጫውቱት።